ተራ ቁጥር ሃያ አራት

ጋሽ ነቢዩ የሃያ ሦስተኛውን ወረቀት ድምር ለሁለተኛ ጊዜ ሲደምሩ፣ ባለቤታቸው እታገኝ የሽሮ ድስት በጨርቅ ይዛ ከኋላቸው ቆማ ትጠብቅ ነበር።

"ነቢዩ፣ ጠረጴዛውን ልቀቅልኝ።"

"አንዴ ጠብቂኝ።"

"ድስቱ እጄን እያቃጠለኝ ነው።"

"ሃያ፣ ሃያ አንድ... ሃያ ሁለት። አለቀ።" ቁጥሩን ጻፉና በቀይ ከበቡት። አሁንስ ያስቀምጡታል ስትል ወረቀቱን መልሰው አቀረቡትና ከግርጌው "ሐሳብሽ ጥሩ ነው፤ መልስ ከመስጠትሽ በፊት ጥያቄውን ረጋ ብለሽ አንብቢ፤ በርቺ" ብለው በዚያ በሚታወቁበት የሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጨመሩበት። እታገኝ ድስቱን ወለሉ ላይ አሳረፈችው። በትዳር በኖረችበት ሃያ ስምንት ዓመት የምግብ ጠረጴዛዋን ከፈተና ወረቀት ጋር ተካፍላ ነው የኖረችው። በኅዳርና በጥር፣ በሚያዝያና በሰኔ ምሳ የሚበላው አልጋ ጠርዝ ላይ ነው።

"ስንት ሠራህ?"

"ሃያ ሦስት።"

"ስንት ቀረህ?"

"ሁለት መቶ ስልሳ አንድ።"

እታገኝ እንጀራ ማቅረብ ጀመረች። ጋሽ ነቢዩ ሒሳቡን በልባቸው አስልተውት ነበር። አንዱ ወረቀት አሥራ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፤ የቀረው ሃምሳ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ያስተምራሉ፤ ውጤቱ የሚፈለገው ዓርብ ቀትር ላይ ነው። በየትኛውም በኩል ቢያዞሩት አልደርስ አላቸው።

ነገሩ የመጣው ትናንት ነው። ርዕሰ መምህርቷ ሌንሳ ነጋሳ ቢሮዋ አስጠራቻቸው። ሌንሳ ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት በዚሁ በየቡ ከተማ ትምህርት ቤት፣ ሦስተኛው ዴስክ ላይ ተቀምጣ ከእሳቸው ባዮሎጂ የተማረች ልጅ ናት። ዛሬ አለቃቸው ሆናለች፤ ሁለቱም ይህን ነገር እስካሁን በቅጡ አልለመዱትም። እሳቸው ሲገቡ እሷ ብድግ ትላለች፣ እሳቸው "ኧረ ተቀመጪ" ይላሉ፣ ከዚያ ማን ቀድሞ እንደሚቀመጥ ግራ ይገባቸዋል።

"ጋሼ፣ ያለፈው ፈተና ውጤት በስንት ቀኑ እንደደረሰኝ ያስታውሳሉ?" አለች ከተቀመጡ በኋላ።

"ትንሽ ዘግይቷል።"

"በሃያ ሰባት ቀኑ ነው የደረሰኝ። ልጆቹ ምን ተጠይቀው እንደነበር እንኳ ረስተውታል። በስብሰባው ላይ ወላጆች ስምዎን ጠርተው ነው የተናገሩት።"

"እኔ ጭረት ብቻ አድርጌ አልመልስም። ወረቀት ማለት ልጅ ነው፣ ሌንሳ። ሙሉውን ማንበብ አለብኝ።"

"አውቃለሁ። የእኔንም ሙሉውን ነበር የሚያነቡት።" እስክሪብቶዋን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። "ግን ዓርብ ቀትር ላይ የአሥረኛ ክፍል ውጤት ካልገባ፣ ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ወደ ቤተ መጻሕፍት አዛውርዎታለሁ። ደብዳቤው ተጽፏል። ፊርማዬ ብቻ ነው የቀረው።"

ቤተ መጻሕፍቱ ማለት ሁለት መደርደሪያ፣ አንድ የብረት በርና አንድ ቁልፍ ነው። ደመወዝ አይቀነስም፣ ሥራው አይከብድም፣ ማንም ደግሞ ምንም ነገር አይጠይቅም። ጋሽ ነቢዩን ያስፈራቸው ይኸው የመጨረሻው ነው። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት ቀርቷቸዋል፤ እነዚህን ሦስት ዓመታት ጠመኔ በእጃቸው፣ ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ በፊታቸው ሆነው ሊጨርሱ ነበር ሐሳባቸው። ቁልፍ ይዞ መቀመጥ ለእሳቸው ከጡረታም የባሰ ነው።

የሒሳብ መምህሩ ልዑል ሊረዳቸው ሞክሯል። ልዑል ከአዲስ አበባ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱን በሙሉ በስልኬ ልምራው የሚል ጎረምሳ። ዛሬ ጠዋት በእረፍት ሰዓት አጠገባቸው ቁጭ ብሎ "ጋሼ፣ በዚህ ዘመን በእጅ ማረም ሼም ነው። አፕ አለ። ወረቀቱ ላይ ደገን ማድረግ ነው፣ በቃ" አላቸው። ደገን አደረገ። አፑ የሚያነበው በእርሳስ የጠቆረ ክብ ነበር። የትምህርት ቤቱ ማባዣ ግን ቀለም ከጨረሰ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ልጆቹ መልሱን ከደብተር በተቀደደ ግማሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ይሰጣሉ። ስልኩ ጥቂት ካሰበ በኋላ ከክፍሉ አንደኛ ለምትወጣው ለፊርዶስ ከሃያው ምርጫ ሦስቱን ብቻ ሰጣት። ልዑል ስልኩን ኪሱ ከተተና "ኔትወርክ ነው" አለ።

ምሳው ተበላ። እታገኝ ሰሃኑን እያነሣች "ተነሥና ንፋስ ንካ" አለቻቸው። "እግረ መንገድህን የዘይቡን ወንፊት አድርስልኝ። ሥራ ቦታዋ ነው ያለችው፣ ከወንዙ ማዶ።"

ዘይቡ ጎረቤታቸው ናት፣ የፊርዶስ እናት። በቡና ወቅት ከወንዙ ማዶ ባለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውላ ትገባለች። ጋሽ ነቢዩ ከሰላሌ ተመድበው የቡ ከመጡ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በቀን ሦስት ስኒ ቡና ይጠጣሉ፤ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ግን አንድም ቀን ገብተው አያውቁም። ለምን ቢባሉ ሥራ ስለሚበዛብኝ ይላሉ። ሥራው ምን እንደሆነ መቼም አይተናል።

ግቢው ውስጥ በእንጨት ላይ ሽቦ ተወጥሮባቸው የተሠሩ ረጃጅም አልጋዎች ተደርድረዋል፤ በየአልጋው ላይ ቡና ለፀሐይ ተሰጥቷል፤ በግራና በቀኝ ሴቶች ቆመው ይለቅማሉ። ዘይቡ ገና ስታያቸው ደነገጠች።

"በርሲሳ፣ ምነው በደህና? እታገኝ አሟት ነው?" የሰፈሩ ሰው ሁሉ በኦሮምኛ "መምህር" ብሎ ነው የሚጠራቸው።

"ደህና ናት። ወንፊትሽን ልካልሽ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ። ይምጡ፣ እዚህ ጥላው ጋ ይቁሙ።" እጇ ግን ለአፍታም አልቆመም። ጋሽ ነቢዩ ወንፊቱን ይዘው እጇን ማየት ጀመሩ።

"ዓይንሽ አይደክምም? ይህን ሁሉ ፍሬ አንድ በአንድ ስታዪ?"

ዘይቡ ሳቀች። ከአልጋው ማዶ ያሉትም ሳቁ።

"ማን አንድ በአንድ ያያል? አንዷን ፍሬ አንሥቼ፣ ጥቁር ነሽ ወይ፣ ተሰብረሻል ወይ፣ ነቅዘሻል ወይ ብዬ ብመረምራትማ እዚሁ አልጋ ላይ ረመዳን ይገባብኛል፣ ወላሂ።"

"ታዲያ እንዴት ነው?"

"አሁን የምፈልገው ጥቁሩን ብቻ ነው። ሌላ ነገር አላይም። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ጥቁሩን አወጣለሁ። ስመለስ የተሰበረውን ብቻ። ቀጥሎ የነቀዘውን። ባንድ ዙር አንድ ነገር ነው። ዓይን ሲለምደው እጅ ይሮጣል።"

"ደህናውንስ?"

"ደህናውን ማን ይነካዋል፣ በርሲሳ? ደህናው አልጋው ላይ ይቀራል።"

ጋሽ ነቢዩ አንድ ሙሉ አልጋ ተለቅሞ እስኪያልቅ ቆሙ። ከዚያ ደህና ዋይ ሳይሉ ዞረው ሄዱ። ቤት ሲደርሱ እታገኝ በሩ ላይ ተቀብላ እጃቸውን አየች።

"ወንፊቱን መልሰህ አመጣኸው?"

"ካርቶን አለሽ?" አሏት።

የማካሮኒ ካርቶን ተገኘ። ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ቁራጭ ቆረጡ፣ ቁመቱን ከግማሽ ወረቀት ጋር አስተካከሉ፣ በደብተሩ መስመር ልክ ከላይ እስከ ታች የሃያዎቹን የምርጫ ጥያቄዎች ትክክለኛ ፊደል ጻፉበት። ልጆቹ መልሳቸውን በየመስመሩ ወደ ታች ነው የሚጽፉት፤ የደብተር መስመር ደግሞ የትም ተገዛ የት አንድ ነው። ካርቶኗን ከልጁ መልስ ጎን ሲያስጠጓት የማይገጥመው ፊደል ብቻ ብቅ ይላል። እሱን ይሰርዛሉ። ትክክለኛውን አይነኩም። በመጨረሻ የተሰረዘውን ከሃያ ይቀንሳሉ።

የመጀመሪያውን ክፍል ሃምሳ ሰባት ወረቀት ምርጫውን በሠላሳ ስምንት ደቂቃ ጨረሱ። አላመኑም። አሥሩን መልሰው በድሮው አኳኋን፣ እያንዳንዱን እያነበቡና ትክክል ትክክል እያሉ አረሙት። አንድም ልዩነት የለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ የአምስቱም ክፍል ምርጫ አለቀና ጠረጴዛው ለራት ተለቀቀ። እታገኝ የጠረጴዛ ልብሱን አንዳች ነገር እንዳይበላሽባት የፈራች ይመስል ቀስ ብላ አነጠፈችው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወደ ጽሑፍ ጥያቄዎቹ ገቡ። ከሃያ አንድ እስከ ሃያ አምስት ያሉት አምስት ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ማርክ ይይዛሉ። የልጆቹን ስም ወደ ውስጥ አጠፉትና የሁሉንም ሃያ አንደኛ ጥያቄ ብቻ ማረም ጀመሩ። አሥረኛው ወረቀት ላይ ሲደርሱ የመልሱን ደብተር ማየት አላስፈለጋቸውም። ሃምሳኛው ላይ ሲደርሱ አንድ የማይመች ነገር ገባቸው፤ ለካ እስከ ዛሬ፣ ጠዋት በጎ መንፈስ ላይ ሳሉ ሁለት የሰጡትን መልስ፣ ከሰዓት ሲደክማቸው አንድ ይሰጡት ነበር። አሁን መልሶቹ ተደርድረው እየመጡ እንዲህ ያለው አድልዎ ቦታ አጣ። "በርቺ" እያሉ መጻፉንም ተዉት። ብዙዎቹ የሚሳሳቱትን በአንዲት ወረቀት ላይ መዘገቡ፤ ክፍል ገብተው አንድ ጊዜ ለሁሉም ይናገሩታል። መጀመሪያ ላይ ልጆቹን የሰረቁ መስሏቸው ነበር። ሃያ ሁለተኛው ጥያቄ ሲያልቅ ግን እያንጎራጎሩ ነበር፤ እታገኝ ከጓዳ ሆና ሰምታለች።

ሃያ አራተኛው ላይ ቆሙ።

ጥያቄው ሰዎች ማብላላትን በዕለት ኑሯቸው ለጥቅም የሚያውሉበትን አንድ ምሳሌ ስጡና እንዴት እንደሚከናወን ግለጹ ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይለውጡ የጠየቁት ጥያቄ ነው፤ ጥሩ ጥያቄ አያረጅም ብለው ያምናሉ። መልሱ ከኮሌጅ ጀምሮ ደብተራቸው ላይ አለ፤ ጠላ፣ ጠጅ፣ ዳቦ፣ እርጎ። የመጀመሪያው ልጅ ዳቦ ብሏል። ሁለተኛው በተሰባበረ እንግሊዝኛ "ቡና ተፈልፍሎ ገንዳ ውስጥ ሲያድር" ብሏል። ሰረዙት። ሦስተኛዋም ቡና አለች። አራተኛው እርጎ። አምስተኛው፣ ስድስተኛው፣ ስምንተኛዋ ቡና። ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጡና ቡና ያሉትን ለብቻ መከመር ጀመሩ። ከሁለት መቶ ሰማንያ አራቱ መቶ ሠላሳ አንዱ ቡና ብለዋል።

እንዲህ ያለ መልስ በየዓመቱ ያጋጥማቸው ነበር። ይሰርዙትና ከጎኑ "ጥያቄውን አልተረዳህም" ብለው ያልፋሉ፤ ሌላው ቡና ሲመጣ ሦስት ቀን አልፎ፣ የፊተኛው ተረስቶ ይሆናል። ዛሬ መቶ ሠላሳ አንዱም ባንድ ላይ ጠረጴዛው ላይ ተከምረው ሲያዩዋቸው ከወንበራቸው ተነሡ።

"ፈተናው ወጥቷል" አሉ።

እታገኝ ከጓዳ መጣች። "ምን አልክ?"

"አምስት ክፍል ነው፣ አምስት ፈታኝ ቆሞበታል። መቶ ሠላሳ አንድ ልጅ አንድ ዓይነት ስህተት አይሳሳትም። ጥያቄውን አስቀድሞ ያወጣው ሰው አለ። ማመልከት አለብኝ።"

"ብታመለክት ምን ይሆናል?"

"ውጤቱ ይታገዳል። ኮሚቴ ይቋቋማል።" ቀጥሎ የሚመጣውን ሁለቱም ያውቁታል። ዓርብ ያልፋል፣ ደብዳቤው ይፈረማል። ዝም ብለው መቶ ሠላሳ አንዱንም ዜሮ ሰጥተው ማስገባት ይችላሉ። ማንም አያውቅባቸውም፤ ክፍላቸውም ይተርፍላቸዋል። ይህን ማሰባቸው ራሱ አሳፈራቸው።

እታገኝ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንዱን ወረቀት አንሥታ አየችው።

"ነቢዩ፣ ፈተና የሰረቀ ሰው የተሳሳተ መልስ ይሰርቃል?"

"እ?"

"ጥያቄውን ካገኙት መልሱን ፈልገው ያጠኑ ነበር። ጠላ ለማለት ምን ያቅታቸዋል? ሰርቀው ዜሮ ለማግኘት ነው የደከሙት?"

ጋሽ ነቢዩ መነጽራቸውን አወለቁ።

"እኔ ባዮሎጂ አላውቅም" አለች እታገኝ። "አንተ ደግሞ ቡና ከመጠጣት በቀር አታውቅም። የሚያውቅ ሰው ጠይቅ። ስትሄድ ያን ወንፊት እንዳትረሳው።"

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ፔሬድ አስተምረው በቀጥታ ወንዙን ተሻገሩ። ወንፊቱን ዘይቡ እጅ ላይ አስረከቡና "ቡና ሲታጠብ አሳዪኝ" አሏት። ዘይቡ አንድ ነገር እንደሆኑ ገብቷታል፤ ከአልጋዎቹ በላይ ወዳሉት የሲሚንቶ ገንዳዎች ይዛቸው ወጣች።

"ትናንት አመሻሽ ላይ ነው የገባው" አለች። "ቀዩ እሸት እዚያ ማሽን ላይ ይፈለፈልና እዚህ ያድራል።"

ጋሽ ነቢዩ ጎንበስ አሉ። ከገንዳው እንደ ቦካ ሊጥ ያለ ኮምጣጣ ሽታ ወጣ። በውኃው ፊት ላይ ጥቃቅን አረፋ እየተነሣ ይፈነዳል። ዘይቡ ክንዷን እስከ ክርኗ ከታ አንድ እፍኝ ቡና አወጣችና መዳፋቸው ላይ አደረገችላቸው።

"ትናንት ሲገባ ልጋግ ነበረው፤ ቢይዙት ያሟልጫል። አሁን እስቲ ይሹት።"

አሹት። ፍሬው ሻካራ ነበር፤ እርስ በርሱ እንደ ጠጠር ተንኮሻኮሸ።

"ልጋጉ የት ሄደ?"

"ተበላ።"

"ምን በላው?"

"እሱን እንኳ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት፣ በርሲሳ። ፊርዶስ ባክቴሪያ ነው ትላለች። እኛ ይቦካል ነው የምንለው።"

"እርሾ ትጨምሩበታላችሁ?"

"ማንም ምንም አይጨምርበትም። ራሱ ነው።"

ጋሽ ነቢዩ ፍሬውን በመዳፋቸው እንደያዙ ቆሙ። ሠላሳ አንድ ዓመት ማብላላትን ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ፣ ከሰሌዳው አምስት መቶ ሜትር ርቀት ላይ በየምሽቱ ይብላላ ነበር።

"ለምን ጠላ አይሉም?" አሉ፣ ለራሳቸው ያህል።

"ጠላና ጠጅ ከቤታችን የት አለ፣ ማሎ፣ እባክዎ?" አለች ዘይቡ በትሕትና። ከክንዷ ላይ ውኃውን አራገፈች። "የፊርዶስ ታላቅ ወንድም ሸኩር፣ እርስዎ ጋ ሲማር ይህንኑ ጽፎ ተሰርዞበት መጥቶ ነበር። 'እማ፣ ቡና አይቦካም ይላሉ በርሲሳ' አለኝ። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፣ እኛ የማናውቀውን ቢያውቁ ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

"ያወቅሁት ነገር አልነበረም፣ ዘይቡ" አሉ ጋሽ ነቢዩ። ፊታቸው በእፍረት ጋለ። ጥቂት ቆይቶ ግን፣ እፍረቱ ገና ሳይለቃቸው፣ ከሥሩ ደስታ መጣ። ልጆቹ አልሰረቁም። እንዲያውም ከመጽሐፉ ርቀው ሄደው በዓይናቸው ያዩትን፣ በእጃቸው የዳሰሱትን ጽፈውላቸዋል። መምህር ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? ቁልቁለቱን ሲወርዱ በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ሊሮጡ ምንም አልቀራቸውም።

መቶ ሠላሳ አንዱ ወረቀት ለብቻው ተከምሮ ስለጠበቃቸው ማስተካከሉ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት ማርክ ለባለቤቶቹ ተመለሰ። ሃያ አምስተኛው ጥያቄ ቀድሞም አጭር ነበር። ስምንት ሰዓት ሲሆን ክምሩን በፌስታል ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ተመለሱ፤ ተማሪዎቹ ድምራቸውን አይተው ሳያረጋግጡ ውጤት አያስገቡም፤ ይህን ልማዳቸውን አልተዉትም።

አሥረኛ ሐ ሲገቡ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ወረቀታችሁን ይዤ መጥቻለሁ።"

ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። "የየትኛውን ፈተና ነው፣ ጋሼ?"

ሳቁ እስከ ጎረቤት ክፍል ተሰማ። ጋሽ ነቢዩም ሳቁ። "የባለፈው ዓርብን" አሉ። ወረቀቱ ሲታደል በየዴስኩ ማንሾካሾክ ተነሣ። ብዙዎቹ የሚሳሳቱትን ከዚያች ወረቀት ላይ አነበቡላቸው፤ ስምንት ደቂቃ ወሰደ። ከዚያ ጠመኔ አንሥተው ሰሌዳው ላይ ሃያ አራት ብለው ጻፉ።

"ይህን ጥያቄ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ቡና ያላችሁ ትክክል ናችሁ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ በእጄ አሽቼ አየሁት። የመልስ ደብተሬን አርሜያለሁ።"

ማንም አላጨበጨበም። መምህር ተሳሳትኩ ሲል ምን እንደሚደረግ ስለማያውቁ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ፊርዶስ ብቻ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷ በርቶ "ጋሼ፣ ያለፉት ዓመታትስ?" አለች።

ጋሽ ነቢዩ ጠመኔውን እያገላበጡ ቆሙ። "እሱን ገና አላወቅሁም" አሉ በእውነት።

አሥር ሰዓት ላይ የሌንሳን ቢሮ አንኳኩ። ሌንሳ ብድግ አለች፤ "ኧረ ተቀመጪ" አሏት፤ ዛሬ ግን ቀድመው እሳቸው ተቀመጡ። የአምስቱን ክፍል የውጤት መሙያ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጉላት። ሌንሳ አንዱን አገላበጠች፣ ሁለተኛውን፣ እስከ አምስተኛው ድረስ። ባዶ ሳጥን ፈለገች፣ አላገኘችም።

"ነገ እኮ ነው ዓርብ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"እንዴት አድርገው?"

"ቡና ለቀምኩ" አሉና የሆነውን ሁሉ ነገሯት፤ ስለ ካርቶኗ፣ ስለ አንድ ዙር አንድ ነገር፣ ስለ ክምሩ፣ ስለ ገንዳው። ስለ ካርቶኗ ሲነግሯት ለሌሎቹም መምህራን ሰኞ እንዲያሳዩላት ለመጠየቅ አፏን ከፍታ ነበር። ተራ ቁጥር ሃያ አራት ላይ ሲደርሱ ግን አፏን ዘጋች።

"ሃያ ስምንት ከሠላሳ" አለች።

"ማን?"

"እኔ፣ በአሥረኛ ክፍል። ቡና ብዬ ነበር። ወረቀቱን ወስጄ ለአባቴ ሳሳየው፣ 'ይህ በርሲሳ ቡና አይጠጣም እንዴ?' አለኝ።" ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። "ሁለት ቀን አልቅሻለሁ። ከዚያ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ የእርስዎን መልስ አጠናሁ። አስተማሪ ሆኜም ለሁለት ዓመት እንደዚያው አስተማርኩ።"

ጋሽ ነቢዩ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት አዩ። ፊርዶስ የጠየቀቻቸው ጥያቄ እዚህ ጠብቋቸዋል። ከዚያ ቀና አሉ።

"ያ ደብዳቤ የት አለ?"

ሌንሳ መሳቢያዋን ከፍታ አወጣችውና ዘረጋችላቸው። ሊቀድዱት መስሏት "ይቅደዱት፣ ጋሼ" አለች።

አልቀደዱትም። ገለበጡት። ጀርባው ንጹሕ ነበር። ከደረት ኪሳቸው ቀዩን እስክሪብቶ አወጡና፣ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩሉ፣ "ሌንሳ ነጋሳ፣ አሥረኛ ለ። ተራ ቁጥር ሃያ አራት፦ ትክክል። ሠላሳ ከሠላሳ" ብለው ጻፉ፤ ከበቡትም። ከግርጌው ላይ እጃቸው ትንሽ ዘገየና "ስለዘገየሁ ይቅርታ" ብሎ ጨመረበት።

"ለሸኩርም እጽፍለታለሁ" አሉ እየተነሡ። "ለሌሎቹም፣ ያስታወስኩትን ያህል። አሁን ጊዜ አለኝ።"

"ነገ ሦስተኛ ፔሬድ አለዎት አይደል?" አለች ሌንሳ።

"አለኝ።"

በሩ ከተዘጋ በኋላ ሌንሳ የጠረጴዛዋን መስታወት በአንድ እጇ ከፍ አደረገችና ወረቀቱን ቀዩ ጽሑፍ ወደ ላይ ሆኖ እንዲታይ አድርጋ ከሥሩ አስገባችው። ፊርማዋን ይጠብቅ የነበረው ገጽ ከታች ቀረ።